ዛፍና እሳት የሚጎራበቱበት ደጋ

በየካቲት ከአሰላ ተነሥቶ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ የሚሄድ ሰው በስተግራው ተራራ አይለየውም። መጀመሪያ ጭላሎ፣ ቀጥሎ የጋላማ ሰንሰለት፣ ወደ በቆጂ ሲቃረብ ደግሞ ካካ ይታያል። የሦስቱም ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ስንዴውና ገብሱ ታጭዶ ተወቅቷል፤ ማሳው ለከብት ተለቋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች የወረደው ውርጭ የተራራውን ሣር አድርቆታል። በዚህ ወር ጋላማ ትከሻ ላይ ጢስ ማየት ለመንገደኛ እንግዳ ነገር ነው እንጂ አገሬውን አያስደነግጥም። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት በጣቴ ሳሳያቸው ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። «አስታው ነው ልጄ። እረኞቹ ለሣር ብለው ነው» አሉኝ፤ የተራራውን ቁጥቋጦ ማለታቸው ነው። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ነፋስ ካልተነሣ ምንም አይል» ሲሉ አከሉ።

በቆጂ የታወቀችው በሯጮቿ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባና እኅቶቿ የወጡት ከዚህች 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለች ከተማና ከአካባቢዋ ነው። እኔን ያመጣኝ ግን ሯጮቹ የሚሮጡበት ጫካ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ኮረብታ ላይ የምትኖር ዘመዴ ከቤት መድን ሰጪዋ ደብዳቤ ደርሷት ነበር። ጣሪያዋ ላይ ያጋደለው ባሕር ዛፍ ካልተገረዘ፣ ከግድግዳው ሥር የተከማቸው ቅጠል ካልተነሣ ውሉ አይታደስም። ፈቃድ ያለው የዛፍ ባለሙያ ጠርታ አሠራች። ገመድ፣ የራስ ቁር፣ የሞተር መጋዝ፣ ቅርንጫፉን የሚከትፍ መኪና ይዘው የመጡ ሰዎች ሙሉ ቀን ሠሩ። ማታ ደውላ «እኛ እኮ ባሕር ዛፍ መሐል ነው ያደግነው» አለችኝ። «እሳት እንዳይበላን ዛፉን ማን ነበር የሚገርዘው?»

የደብዳቤው ምክንያት የቆየ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 1991 በዚያው ኮረብታ፣ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ጠፋ የተባለ የሣር እሳት ደረቅና ብርቱ ነፋስ ቀሰቀሰውና 25 ሰዎች ሞቱ፤ 3,000 ገደማ ቤቶች ወደሙ። ቃጠሎውን ካባባሱት መካከል ነጭ ባሕር ዛፍ ይገኝበታል። ይኸው የአውስትራሊያ ዛፍ ነው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ አዲስ አበባ ገብቶ እንጦጦን ያለበሰውና ዛሬ በአርሲ ደጋ በየደጁ የቆመው። ቅጠሉ ዘይት አለው። ቅርፊቱ በረዥሙ እየተላጠ ከግንዱ ይንጠለጠላል፤ ሲደርቅ እሳት ለመቀበል ይቸኩላል፤ ሲቀጣጠል ነፋስ ነቅሎ ይወስደውና ከዋናው እሳት ርቆ ሌላ እሳት ይለኩሳል። ፖርቱጋል ውስጥ ፔድሮጋው ግራንዴ በሚባል አካባቢ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሰኔ 2017 የ66 ሰዎች ሕይወት ያለፈው በባሕር ዛፍና በፓይን ደን መሐል ነው።

እንግዲህ ያ ዛፍ በበቆጂ ዘመናት ቆሟል። በጋውም ደረቅ ነው፤ ተራራው ላይም በየዓመቱ እሳት አለ። ታዲያ ቤቱን ከእሳቱ የሚለየው ማን ነው?

ጠዋት ሳይነጋ ወደ ጫካው ወጣሁ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ልጆቹ በአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ስም ዓለም ባወቀው በዚህ አቀበት ላይ ተሰልፈው በዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። ኮቴያቸው የሚያርፈው አፈር ላይ ነው። መጀመሪያ ያላስተዋልኩት ይህንን ነበር፤ በባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ እግር መርገጥ የነበረበት ቅጠልና ቅርፊት ላይ ነው። ኦክላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ጫካ ሳይነካ ሲቀር ወለሉ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ደረቅ ንጣፍ ይሠራል። እዚህ ግን ንጹሕ ነው፤ የተጠረገ ግቢ ይመስላል።

ፀሐይ ስትወጣ ጠራጊዎቹ መጡ። እናቶችና ልጃገረዶች፣ ጥቂት ወንድ ልጆች። ቅጠሉን በቅርንጫፍ መጥረጊያ ይሰበስባሉ፤ የተላጠውን ቅርፊት እያጠፉ ያስራሉ፤ ጭራሮውን ለብቻ ይከምራሉ። ቅጠሉ ጆንያ ውስጥ በእግር እየተረገጠ ይጠቀጠቃል። አንዲት እናት አረፍ ሲሉ ጠጋ ብዬ ቅጠሉ ባይነሣ ምን እንደሚሆን ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ገረማቸው። «ማን ይተወዋል? ምጣዱ በምን ይሰማል?» አሉኝ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ነበልባሉ ፈጣን ስለሆነ ለእንጀራ ከእሱ የሚሻል እንደሌለ፣ ቅርፊቱ ለማያያዣ፣ ወፍራሙ እንጨት ለወጥና ለሙቀት እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ።

ዘመዴ ለጠየቀችኝ መልሱ ይኸው ነበር። እሷ አገር ባለሙያ ተቀጥሮ፣ መኪና ተከራይቶ የሚነሣው ማገዶ እዚህ በየማለዳው በእናቶች ጀርባ ተነሥቶ ምጣድ ሥር ይገባል። ጫካ ላይ ሊነድ የነበረው ነበልባል ማዕድ ቤት ውስጥ በልክ በልኩ ይነዳል። ይህን ሥራ የእሳት መከላከል ብሎ የጠራው፣ በመዝገብ የጻፈው፣ ያመሰገነው የለም።

ሥራውን ግን ማሳመር አልፈልግም። ሸክሙ ወገብ ይሰብራል፤ የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ እናቶችን ያየ ሰው ይህን አይስተውም። አፈሩም ይጎዳል። ከቁልቁለት ላይ ቅጠሉ ሁሉ ዓመት ከዓመት ሲጠረግ ለአፈሩ የሚመለስ ምግብ ይቀንሳል፣ የክረምቱ ዝናብም ባዶውን መሬት ይዞት ይወርዳል። ከቤትና ከመንገድ አጠገብ ይጠረግ፣ ከቤት በራቀው ቁልቁለት ላይ ደግሞ ለአፈሩ ይቅር የሚል ሰው ያስፈልጋል። እናትየዋ ይህን ስላቸው አልተቃወሙም፤ ይልቅ የተገላቢጦሹ እየሆነ መሆኑን ነገሩኝ። ከተማ ውስጥ አዲስ የሚሠሩት ግቢዎች በብሎኬት እየታጠሩ፣ ሰዉም በኤሌክትሪክ ምጣድ እየጋገረ ነው። «በፊት ገብተን እንጠርግላቸው ነበር። አሁን በሩ ዝግ ነው፤ ቅጠሉ እዚያው ይበሰብሳል» አሉ። በክረምት ይበሰብሳል። በየካቲት ግን ይደርቃል።

ጃክ ኮኸን የተባለ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ ዕድሜውን የፈጀው ቤት በሰደድ እሳት እንዴት እንደሚያያዝ በማጥናት ነው። የደረሰበት ነገር ለአርሲ ገበሬም ይጠቅማል። ቤቱ የሚድነው ወይም የሚጠፋው ተራራው ላይ ባለው ነበልባል ትልቅነት ሳይሆን በራሱና በዙሪያው 30 ሜትር ገደማ ውስጥ ባለው ነገር ነው። ብዙ ቤቶች የሚያያዙት ነበልባል ደርሶባቸው አይደለም፤ በነፋስ የመጣች ፍንጣሪ ደረቅ ነገር ላይ አርፋ ነው። አሸንዳ ውስጥ ያለ ቅጠል፣ ከግድግዳ የተጠጋ የማገዶ ክምር፣ ከጣሪያ ሥር የተወሸቀ ጭራሮ ይበቃታል። ለዚህም ነው ካሊፎርኒያ በሕግ ለሰደድ እሳት በተጋለጡ አካባቢዎች ያሉ ነዋሪዎቿን በቤታቸው ዙሪያ እስከ 30 ሜትር እንዲያጸዱ፣ ከጭስ ማውጫም ቅርንጫፍ በ3 ሜትር እንዲያርቁ የምታስገድደው። አሁን አሁን ትልቁ ጭንቀት ግድግዳውን ተከትሎ ያለው የመጀመሪያው ሜትር ተኩል ሆኗል፤ እዚያ የሚነድ ነገር እንዳይኖር።

ይህን ይዤ ያረፍኩበትን ሰፈር ዞርኩት። የቆርቆሮ ጣሪያ መልካም ነው፤ ፍንጣሪ አይዘውም። የጭቃ ግድግዳም አይነድም። በቆጂ በዚህ በኩል ከኦክላንድ የእንጨት ቤቶች ትሻላለች። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ያሳስባል። ከግድግዳው ተያይዞ የገለባ ክምር፤ ከክምሩ አጠገብ የደረቀ ኩበት፤ ከኩበቱ ጀምሮ ዙሪያውን የደረቀ የጭራሮ አጥር፤ ከአጥሩ ጋር መሬት እስኪነካ ቅርንጫፉ የወረደ የፈረንጅ ጽድ። ጽዱ ለውበትና ለነፋስ መከላከያ የተተከለ ነው፤ ከላይ ለምለም ሲመስል ውስጡ በደረቅ ቅጠል ታጭቋል። እሳት ከአጥሩ ተነሥቶ በታችኛው ቅርንጫፍ ወደ ጫፉ፣ ከጫፉ አጠገብ ወዳለው ባሕር ዛፍ ይወጣል። የዛፍ ባለሙያዎች የመጀመሪያ ሥራቸው ይህን መሰላል መስበር ነው። የታችኛውን ቅርንጫፍ ከመሬት ከሰው ቁመት በላይ ያነሡታል፤ ከዛፉ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ያሳሳሉ፤ የአንዱን ዛፍ ጫፍ ከሌላው ያራርቃሉ። ዛፉን መቁረጥ የመጨረሻው ምርጫ ነው። ቤት አጠገብ በደንብ የተያዘ ወይራ ወይም ኮሶ ነፋስ ይሰብራል፣ ጥላ ይሰጣል፤ ማንንም አያሳስብም።

ሰፈሩ ውስጥ የታወቀ ዛፍ ቆራጭ አለ ተብዬ በማግሥቱ አብሬው ዋልኩ። ጎልማሳ ነው፤ አባቱም ዛፍ ቆራጭ ነበሩ። መሣሪያው መጥረቢያ፣ ገጀራ፣ የእጅ መጋዝና ጠንካራ ገመድ ነው። ያን ቀን የሠራው አንዲት አሮጊት ቤት ነበር፤ ትልቅ ባሕር ዛፍ ክንዱን በቆርቆሮው ላይ ዘርግቶ በየነፋሱ ጣሪያውን ይደበድባል። እሱ ከመውጣቱ በፊት ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞሮ አየው። ግንዱን በመጥረቢያው ጀርባ ኳ ኳ አድርጎ አዳመጠ፤ ባዶ ድምፅ ካለው ልቡ በስብሷል ማለት ነው፣ አይወጣበትም። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አየ። ገመዱን ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ጥሎ ወጣ።

አቆራረጡን ልብ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ ቅርንጫፉን ከግንዱ ራቅ ብሎ ከሥር በኩል በጥቂቱ ነከሰው። ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ቆረጠው፤ ክብደቱ ሲወርድ ቅርፊቱን ግንዱ ድረስ ገፍፎ እንዳይሄድ ነው ይህ። በገመድ የታሠረው ቅርንጫፍ ጣሪያውን ሳይነካ ቀስ ብሎ ወረደ። በመጨረሻ የቀረውን ጉማጅ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት፣ ዕብጥ ብላ በምትታየው አንገት ውጭ አለስልሶ ቆረጠው። ግንዱን አላቆሰለውም፤ ጉማጁንም ረዥም አድርጎ አልተወውም። ይህ በየትኛውም አገር ያለ የዛፍ ባለሙያ የሚማረው ባለ ሦስት ቁርጥ ዘዴ ነው። አሌክስ ሺጎ የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት በሺህ የሚቆጠሩ ግንዶችን በመጋዝ ሰንጥቆ እያየ አስተምሮታል፤ ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉ አይሽርለትም፣ ዙሪያውን አጥሮ መበስበሱን እዚያው ያስቀረዋል፣ አጥሩን የሚሠራው ደግሞ ያቺ አንገት ናት። አንገቷ ከተቆረጠች አጥር የለም። የበቆጂው ሰው ሺጎን አያውቀውም። አባቱ «አንገቱን አትንካ» ብለውት ነው ያደገው።

እዚያው አሮጊቷ «ለምን ጫፉን አንዴ ቆርጠህ አትገላግለኝም?» አሉት። «አይሆንም እማማ። ጫፉ ከተቆረጠ ከቁስሉ ላይ ብዙ ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያው ቶሎ ይወፍራል፣ ግን አይጠብቅም። ከሦስት ዓመት በኋላ በነፋስ ተገንጥሎ ራሶት ላይ ነው የሚወድቀው» አላቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚሰጠው ምክር ቃል በቃል ይኸው ነው። እውቀቱ አለ ማለት ነው፤ በበቆጂ፣ በአንድ ሰው እጅ ውስጥ፣ ያለ ምስክር ወረቀት።

የሌለው ገበያው ነው። ዛፍ ቆራጩ የሚከፈለው ዛፍ ሲጥል ነው፤ ግንዱ ቋሚ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ አጣና ሆኖ ይሸጣል፤ ባለቤቱም ገንዘብ ያገኛል፣ እሱም ድርሻውን ይወስዳል። ሲመለምል ግን የሚሸጥ የለም። ቅርንጫፍና ቅጠል ነው የሚቀረው። ያን ቀን የተከፈለው በቅርንጫፉ ነበር፤ አህያ ላይ ጭኖ ወሰደው። ስለዚህ ሰው ቢጠራው የሚጠራው ዛፉ ጣሪያ መደብደብ ሲጀምር ወይም የመብራት ሽቦ ሲነካ ነው። ከዚያ በፊት የሚያስበው የለም። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ብዙ ሆኖ ያቆጠቁጣል፤ አሳስቶ ሁለት ሦስቱን ብቻ የሚያስቀር ከሌለ ግቢው በቀጫጭን ዘንግ ይሞላል፣ ቅጠሉም መሬት ድረስ ይወርዳል። ለእሳት ከዚህ የተመቸ የለም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ካካ የሚያወጣውን መንገድ ይዤ እስከ አስታው ጠርዝ ሄድኩ። ጢሱ በሩቅ ይታያል። ሚኒባስ ውስጥ ያነጋገሩኝ አዛውንት ያሉትን አስታወስኩ፤ ነፋስ ካልተነሣ። ከዚህ ደቡብ በባሌ ተራሮች የስዊድንና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ይህንኑ አስታ አጥንተው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ እረኞቹ ለምን እንደሚያቃጥሉ ጠይቀዋል። ለከብት ለምለም ሣር እንዲወጣ፣ መርዘኛ አባጨጓሬ እንዲጠፋ፣ ጅብና ነብር የሚደበቅበት እንዳይኖር። ይበልጥ የሚገርመው አሠራራቸው ነው። እሳቱን የሚለኩሱት ከአራት ዓመት ወዲህ የተቃጠለ ቦታ ድንበር በሆነበት በኩል ነው፤ ገና የበቀለው አስታ ስለማይነድ እሳቱ እዚያ ደርሶ ይቆማል። ተራራው እንዲህ በልዩ ልዩ ዕድሜ የተጣፈ ስለሆነ አንዱ እሳት ሁሉንም አይበላም፤ አንዱ ቦታ በአማካይ በ10 ዓመት አንዴ ይነዳል። አስታ ተቃጥሎ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። ጽድ ግን አያቆጠቁጥም፤ እሳቱ ወደ ታች ወደ ጽዱ ደን ሲወርድ ነው ኪሳራው።

በአገራችን ደን ውስጥ እሳት መለኮስ ክልክል ነው። እገዳው የተነሣበት ጭንቀት ይገባኛል፤ በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የነደደው ደን የዚህ ትውልድ ትልቁ ጠባሳ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቅጠልና አካፋ ይዘው ሊያጠፉ የዘመቱት ያኔ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ሲነድ ከእስራኤል ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ጠብቀናል። ነገር ግን እረኛውን መከልከል ብቻውን ማገዶውን አይቀንሰውም። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ አስታ እየገጠመ ይሄዳል፣ በመጨረሻም በስውር የተለኮሰች አንዲት እሳት ያለ ድንበር ትሄዳለች። አርሲ ተራሮች በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነው ሲከለሉ ደጋ አጋዘኑን ለማዳን ነበር፤ አጋዘኑ የሚድነው እረኛውን በማባረር ሳይሆን መቼና የት እንደሚለኮስ ከእሱ ጋር በመስማማት ይመስለኛል። በከተማው ጠርዝ ያለው ነገርም ከዚህ አይለይም። ቅጠል ጠራጊዋን በር ዘግተን ስንመልሳት፣ መልማዩን ያለ ዋጋ ስንተወው፣ ማገዶው እኛ ግቢ ውስጥ ይጠራቀማል።

ይህ አገር ዛፍ መትከልን ከጥንት ያውቃል። በስዊድን ድጋፍ በ1950ዎቹ መጨረሻ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ከስንዴውና ከወተት ላሙ ጋር ችግኝ ያፈላ ነበር። በሐምሌ 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ዓለም ተደንቋል። የተከልነውን እንቆጥራለን። በአሥረኛው ዓመት የታችኛውን ቅርንጫፍ ማን እንደሚያነሣ፣ በአሥራ አምስተኛው የትኛውን ማን እንደሚያሳሳ ግን በየትኛውም ቆጠራ ውስጥ አላየሁም። ወንዶ ገነት ከ1970ዎቹ መግቢያ ጀምሮ የደን ባለሙያ ያስመርቃል፤ የቤት ደጅ ዛፍ የሚወጣ፣ ገመድ የሚያውቅ፣ ዋጋ ተምኖ የሚሠራ ባለሙያ ግን የሚወጣው ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት መሆን አለበት። ለዚያ ትምህርት መምህሩ በቆጂ ውስጥ አለ፤ ከአባቱ የተማረውን ለማስተማር የሚያስፈልገው የራስ ቁር፣ የደኅንነት ቀበቶ፣ ጥሩ ገመድና የሚከፍለው ሰው ነው።

በቆጂን የለቀቅኩት እሁድ ነበር። ከመሄዴ በፊት አሮጊቷ ቤት ጎራ አልኩ። ልጃቸው ከአዳማ መጥቶ ከዛፍ ቆራጩ ጋር ይደራደራል። የገለባው ክምር ወደ ጓሮው ጫፍ እንዲሄድ ተስማምተዋል፤ የፈረንጅ ጽዱ ይመለመላል እንጂ አይቆረጥም፤ ከባሕር ዛፉ ጉቶ የወጡት ዘንጎች ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ። የቀረው ዋጋው ነው። ልጁ በቅርንጫፉ እንዲከፈለው ይፈልጋል። ዛፍ ቆራጩ ደግሞ ቅጠሉንና ጭራሮውን ጠራጊዎቹ ገብተው እንዲወስዱት፣ የእጁ ዋጋ ግን በብር እንዲሰጠው አጥብቆ ጠይቋል። አሮጊቷ በልጃቸው ላይ ፈረዱና «ስጠው» አሉት። ማክሰኞ ሥራው ይጀመራል።